የማይገባበት ከርሰ ምድር፦ በአቃቂ ቃሊቲ በአስጎብኚ የሚመራ የእግር ጉብኝት ምን ሊያሳይ ይችላል?

አጠቃሎ

የአሮጌ ከተሞች የከርሰ ምድር ጉብኝት ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው ጎብኚው ገብቶ የሚያየው ዋሻ፣ ምድር ቤት ወይም መቃብር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ሰው ሊገባበት የማይችል ከርሰ ምድር ያለውን ሥፍራ፣ ማለትም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውን አቃቂ ቃሊቲን፣ መነሻ ያደርጋል። ከአካባቢው በታች የከተማይቱ የመጠጥ ውኃ ምንጭ የሆነው የከርሰ ምድር ውኃ አለ፤ ከተማይቱ የምትጥለው ፍሳሽም ወደዚያው ይወርዳል። በላዩ ላይ ደግሞ ሐዲድ፣ ፋብሪካና የራዲዮ ማሰራጫ የታሪክ አሻራቸውን ትተዋል። ጽሑፉ የአስጎብኚን ሚና የሚመለከቱ ጽንሰ ሐሳቦችን ካብራራ በኋላ፣ የማይታየውን ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ማንበብ የሚቻልበትን የጉብኝት መስመር ይገልጻል፤ በመጨረሻም ከሥነ ምግባርና ከቅርስ ጥበቃ አንጻር ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የእግር ጉብኝት፣ አስጎብኚ፣ ከርሰ ምድር ውኃ፣ የኢንዱስትሪ ቅርስ፣ አቃቂ ቃሊቲ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

1. መግቢያ

ከተሞች ሁለት ገጽ አላቸው። አንደኛው በመንገዱ ላይ የሚታየው ነው፤ ሕንፃው፣ አደባባዩ፣ ገበያው። ሁለተኛው ከመንገዱ በታች ያለው ነው፤ ቱቦው፣ መሠረቱ፣ የተቀበረው፣ የሚፈስሰው። በእግር የሚደረግ የከተማ ጉብኝት ከጥንት ጀምሮ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያሳይ ኖሯል። ሁለተኛውን ገጽ ማሳየት ግን ራሱን የቻለ የጉብኝት ዘርፍ ሆኖ ያደገው በዘመናዊው የከተማ ኑሮ ነው። የፓሪስ የፍሳሽ መተላለፊያዎች እ.ኤ.አ. በ1867 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ጋር ተያይዞ ለሕዝብ ተከፍተዋል። በዚያችው ከተማ ከመካነ መቃብሮች የወጣ ዐፅም የተከማቸባቸው የቀድሞ የድንጋይ መፈልፈያ ዋሻዎችም ዛሬ ብዙ ጎብኚ ከሚስቡ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በአሜሪካዋ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1889 ከደረሰው ታላቅ ቃጠሎ በኋላ መንገዶቹ ከፍ ተደርገው እንደ አዲስ ሲሠሩ፣ የቀድሞው የምድር ወለል ከእግረኛ መንገዱ በታች ቀረ፤ ይህ የተረሳ ወለል ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአስጎብኚዎች እየተመራ ይጎበኛል።

በኢትዮጵያም የከርሰ ምድር ጉብኝት እንግዳ ነገር አይደለም። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታች የወረዱ፣ በቦይና በመተላለፊያ ዋሻ የተያያዙ ናቸው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ብርሃን አልባ መተላለፊያ ጎብኚው ግድግዳውን እየዳሰሰ ያልፋል፤ መተላለፊያው የሲኦል ምሳሌ ነው እየተባለ ይነገርለታል። አስጎብኚው ይህን ትርጓሜ ባይነግረው ጎብኚው ያለፈበት ቦታ ጨለማ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ይቀርበት ነበር። ጨለማው የሚታይ ነገር የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው የአስጎብኚው ቃል ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ነጥብ አለ። በዚያ ያለው ከርሰ ምድር ዋሻም ምድር ቤትም አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ውስጥ የሚንቀሳቀስ ውኃ ነው። ጎብኚ አይወርድበትም፤ ፎቶግራፍ አያነሣውም። ሆኖም የአዲስ አበባ ሕልውና ከተደገፈባቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ማዕከላዊ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ገብተው ሊያዩት የማይቻለውን ከርሰ ምድር በእግር ጉብኝት ማሳየት ይቻላልን? ከተቻለስ ምን ጥቅም አለው?

2. የአስጎብኚ ሚና፦ ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

በቱሪዝም ጥናት ውስጥ ስለ አስጎብኚ ሚና ከተጻፉት መካከል ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የኤሪክ ኮኸን ሥራ ነው። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ የዘመናዊውን አስጎብኚ ሥር በሁለት ጥንታዊ ሚናዎች ውስጥ ያገኘዋል። የመጀመሪያው መንገድ መሪ ነው፤ እንግዳው በማያውቀው አገር እንዳይጠፋ ፊት ፊት የሚሄድ። ሁለተኛው እንደ መምህር የሚቆጠረው ነው፤ የመንገዱን ትርጉም የሚያስረዳና የእንግዳውን ግንዛቤ የሚያንጽ። በአገራችን ባህልም ሁለቱ ሚናዎች ተለይተው ይታወቃሉ። መንገድ የሚያሳይ ሰው እና ምስጢር የሚተረጉም መምህር አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን አዋሕዶ የያዘ ግን የተከበረ ነው።

ሁለተኛው መነሻ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን መሠረት አድርጎ የጻፈው የፍሪማን ቲልደን ሐሳብ ነው። ቲልደን እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው መጽሐፍ መረጃ መስጠትንና ትርጓሜን ይለያቸዋል። መረጃ የትርጓሜ ጥሬ ዕቃ እንጂ ራሱ ትርጓሜ አይደለም። «ይህ ጉድጓድ ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው» ማለት መረጃ ነው። «ዛሬ ጠዋት ፊትህን የታጠብህበት ውኃ ከዚህ ተነሥቶ ሽቅብ ተገፍቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል» ማለት ግን ጎብኚውን ከቦታው ጋር የሚያዛምድ ትርጓሜ ነው። በቲልደን አመለካከት ሰው የተረዳውን ያከብራል፤ ያከበረውንም ይጠብቃል።

የማይታይ ነገር በሚጎበኝበት ጊዜ ሁለተኛው ሚና ከመጀመሪያው ይበልጣል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ በለንደን ሶሆ ሠፈር የሚደረገው ጉብኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በአካባቢው የተነሣውን የኮሌራ ወረርሽኝ ሐኪሙ ጆን ስኖው ከአንድ የመንገድ ዳር የውኃ ፓምፕ ጋር አያይዞ፣ የሟቾችን መኖሪያ በካርታ ላይ በማስፈር አስረድቷል። ዛሬ ለጎብኚው የሚታየው ለመታሰቢያ የቆመ ፓምፕ ብቻ ነው። የተበከለው ውኃም፣ ወደ ጉድጓዱ የሰረገው ፍሳሽም አይታይም። ይሁንና አስጎብኚው ከፓምፑ አጠገብ ቆሞ የካርታውን ታሪክ ሲተርክ፣ ከመንገዱ በታች የነበረው ሁሉ በጎብኚው ሐሳብ ውስጥ ይገለጣል። የአቃቂ ጉዳይ ከላሊበላው ዋሻ ይልቅ ለዚህ ይቀርባል።

3. አቃቂ ለምን? የቁልቁለትና የሽቅብ ጉዞ

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ የከፍታ ልዩነት የአካባቢውን ታሪክ ለመረዳት ቁልፍ ነው። የሚወርድ ነገር ሁሉ ወደ አቃቂ ይወርዳልና።

በመጀመሪያ የሚወርደው የገጸ ምድር ውኃ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች የከተማይቱን ገባር ጅረቶች እየሰበሰቡ ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ፤ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ወንዝ ይቀጥላሉ። ሁለተኛው ከመሬት በታች የሚጓዘው ውኃ ነው። በእንጦጦና በዙሪያው ባሉ ከፍታዎች የሚዘንበው ዝናም ከፊሉ ወደ ድንጋዩ ይሰርግና በአጠቃላይ አነጋገር ወደ ደቡብ ይጓዛል። ሦስተኛው የከተማይቱ ፍሳሽ ነው፤ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት እንዲፈስስ ስለሚፈለግ የማጣሪያ ጣቢያው ቦታ በዝቅተኛው ክፍል ተመረጠ።

ሽቅብ የሚወጡ ነገሮችም አሉ። ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ በሐዲድና በአስፋልት ወደ መሐል ከተማ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ ከፍ ወዳሉት ሠፈሮች ይላካል። ስለዚህ አቃቂ ከተማይቱ የተጠቀመችበትን የምትጥልበትም፣ የምትጠቀምበትን የምታመጣበትም በር ነው። ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ መገናኘታቸው የአካባቢው ዋነኛ ችግር ነው፤ የጉብኝቱም ዋነኛ ትምህርት ይኸው ነው።

4. የጉብኝቱ መስመር

ከዚህ በታች የሚገለጹት ማረፊያዎች በአንድ ቀን በእግር ብቻ የሚሸፈኑ አይደሉም። መስመሩ በሁለት ቀን ቢከፈል፣ ወይም ራቅ ራቅ ባሉት ነጥቦች መካከል ታክሲ ቢያዝ የተሻለ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ትርጉም አለው፤ ጎብኚው ከሚያውቀው ከመንገዱ ተነሥቶ ወደማያየው ወደ ውኃው ይደርሳል።

4.1 መነሻው፦ የቀላል ባቡሩ ማብቂያ

በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። መስመሩ በፒያሳ በኩል የተወሰነውን ርቀት ከመሬት በታች ያልፋል። ይህ ለአስጎብኚው ጥሩ መግቢያ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ተሳፍሮ ለመጣ ጎብኚ፣ በፒያሳ የነበረው ከርሰ ምድር በግልጽ የሚታይ፣ በኮንክሪት የተሠራና መብራት ያለው ነበር። ቃሊቲ ሲደርስ ግን ከእግሩ በታች ያለው የከተማይቱ ከርሰ ምድር ሌላ ዓይነት መሆኑ ይነገረዋል። ከፍታው ምን ያህል እንደ ቀነሰም በዚሁ ማረፊያ ላይ ማስረዳት ይገባል፤ በባቡር የተቀመጠ ሰው ቁልቁለቱን አያስተውለውምና።

4.2 የፍሳሽ ማጣሪያው

ቃሊቲ የሚለው ስም ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከማረሚያ ቤቱ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። በአካባቢው የሚገኘው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ግን በስም እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከሀያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኩሬ ዘዴ ሲሠራ የነበረው ጣቢያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል።

በዚህ ማረፊያ አስጎብኚው የሚያሳየው ሕንፃ ሳይሆን የመንገዱን ወለል ነው። በአስፋልቱ መካከል በተርታ የሚታዩት ክብ የማንሆል ክዳኖች ከመሐል ከተማ የሚመጣውን ዋና መስመር አቅጣጫ ያመለክታሉ። አንዱን ክዳን አይቶ ቀጣዩን መፈለግ፣ ሁለቱን በሐሳብ መስመር ማገናኘት፣ የተቀበረውን ቱቦ ከላይ ሆኖ መሳል ማለት ነው። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ከዚህ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ወይም በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ ፍሳሽ የሚመጥጡ ቦቴ መኪናዎች በመንገዱ ሲመላለሱ መታየታቸው ራሱ የጉብኝቱ አካል ነው፤ ቱቦ ያልደረሰበትን ከተማ የሚያገናኘው መንኮራኩር ነውና። ቦቴም ያልደረሰው ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይመራል።

4.3 ወንዙ

በድልድዩ ላይ የሚቆም ጎብኚ ከዓይኑ በፊት አፍንጫው ይነግረዋል። የአቃቂ ወንዞች በከተማይቱ ውስጥ ሲያልፉ የቤት ፍሳሽ፣ ደረቅ ቆሻሻና የፋብሪካ ዝቃጭ ይቀበላሉ፤ ይህን ብዙ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በወንዙ ዳርቻ ግን ለምለም የአትክልት ማሳ ይታያል። ቆስጣው፣ ጎመኑና ሰላጣው ከወንዙ በሚጠለፍ ውኃ ይለማል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ከተማይቱ ገበያ ይወጣል። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃ በሚለማው አትክልትና አፈር ውስጥ የከባድ ብረት ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን ደጋግመው ዘግበዋል።

እዚህ ላይ አስጎብኚው ጥንቃቄ ያሻዋል። ማሳውን «የመርዝ እርሻ» ብሎ አሳይቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ በገበሬው ላይ ይወድቃል። ገበሬው ውኃውን አላበከለውም፤ ከላይ የመጣለትን ተጠቀመበት እንጂ። ጥሩ ትርጓሜ የሚያሳየው ምልልሱን ነው፦ ከላይኛው ሠፈር የወጣው ቆሻሻ በወንዙ ወርዶ፣ በማሳው ላይ ተኝቶ፣ በጆንያ ታስሮ ወደ ላይኛው ሠፈር ገበታ ይመለሳል።

ከዚህ ማረፊያ በታች፣ ወንዞቹ ወደሚገናኙበት አቅጣጫ፣ የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ። በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ለረጅም መስመር ጉብኝት የሚሆን ተጨማሪ ማረፊያ ነው።

4.4 ሐዲዱ፣ ፋብሪካውና የራዲዮ ጣቢያው

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለኢንጅነር አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የአንድ ሜትር ስፋት ያለውና 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር ወደ ለገሐር ከመድረሱ በፊት በአቃቂ ያልፋል። የድሮው ባቡር በዚህ ክፍል አገልግሎቱን ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር በሌላ መስመር የሚሄድ ሲሆን፣ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ሐዲዶች ለማየት የቻለ ጎብኚ የዘመኑን ልዩነት በእርምጃው መለካት ይችላል።

ሐዲዱ፣ የወንዝ ውኃና ሜዳማው መሬት በአንድ ላይ መገኘታቸው አቃቂን የፋብሪካ መንደር አድርገውታል። በሀያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በህንድ ባለ ሀብቶችና በኢትዮጵያ ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከእነዚህ አንዱ ነው። ኋላም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ፣ የብረታ ብረትና ሌሎችም ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተክለዋል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዋና ዋና ፋብሪካዎችን ሲወርስ የአቃቂ ሠራተኛ አሠሪው በአንድ ሌሊት ተለውጦ አደረ። በፈረቃ የሚገባውና የሚወጣው ወዛደር፣ ለእርሱ ሲባል የተከፈተው ምግብ ቤት፣ ለእርሱ የተከራየው የአንድ ክፍል ቤት፣ ሁሉም የአካባቢውን የመንገድ መልክ ሠርተውታል። ይህን ታሪክ የሚያስታውሱ ጡረተኛ ሠራተኞች በሠፈሩ ስላሉ፣ ለዚህ ማረፊያ የሚሻለው አስጎብኚ መጽሐፍ ያነበበ ብቻ ሳይሆን በፈረቃው የሠራም ሰው ነው።

ሌላው አሻራ ከመሬት በላይ እንጂ ከመሬት በታች አይደለም፤ የአየር ሞገድ ነው። ከፋሺስት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ የተሠራው በጣሊያን ኩባንያ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦርነቱ ሊጀመር ሲቃረብ ለውጭው ዓለም ያሰሙት ድምፅ የተላለፈው በዚሁ ጣቢያ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት መሣሪያ የጣሊያንን ወረራ ለመቃወም ማገልገሉ ለአስጎብኚ የተዘጋጀ ታሪክ ነው። ይህም ማረፊያ የጉብኝቱን መርሕ ያጠነክራል፦ የአቃቂ ትልልቅ ነገሮች፣ ውኃውም፣ ፍሳሹም፣ ሞገዱም፣ የማይታዩ ናቸው።

4.5 የጉድጓዶቹ መስክ

የጉብኝቱ መዳረሻ ከአቃቂ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የውኃ ጉድጓዶች መስክ ነው። አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ በገፈርሳ፣ በለገዳዲ፣ ኋላም በድሬ ግድቦች ላይ ተደግፋ ኖራለች። ሦስቱም የገጸ ምድር ውኃ የሚያጠራቅሙ ናቸው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ፊት ወደ ከርሰ ምድር ዞረ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ለምቶ ከከተማይቱ ዋና ዋና የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ ሆነ።

ውኃው ለምን እዚያ በዛ? ምክንያቱ የአለቱ ዓይነት ነው። በአካባቢው ያለው በአንጻራዊነት ወጣት የሆነ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ባዛልትና ስኮሪያ ነው። ስኮሪያ በጋዝ ፊኛ የተበሳሳ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ መልክ ያለው፣ በእጅ ሲያነሡት የሚቀልል ድንጋይ ነው። መንገድ ሠሪዎች ለሙሌት የሚጠቀሙበት ስለሆነ በየኮረብታው ጎን ተቆርጦ ይታያል። አስጎብኚው ለጎብኚው አንዲት ቁራጭ አስይዞ ውኃ ቢያፈስስባት፣ ከመቶ ሜትር በላይ በታች ያለው የውኃ ማኅደር ምን እንደሚመስል በአንድ ደቂቃ ያሳያል። ድንጋዩ ውኃውን ይቀበላል፤ ያስተላልፋልም።

ያው ባሕርይ ግን አደጋም ነው። ውኃን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ድንጋይ ብክለትንም ያስተላልፋል። በሜዳው ላይ የተነጠፈው ጥቁር የዋልካ አፈር በከፊል እንደ ክዳን ያገለግላል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክዳኑ ቀጭን በሆነበት፣ ለድንጋይ ማውጫ በተገፈፈበት ወይም ጥልቅ የፍሳሽ ጉድጓድ በበሳው ቦታ ከላይ የተጣለው ወደ ታች መንገድ ያገኛል። ታምሩ ዓለማየሁና ሌሎች የሥነ ምድር ተመራማሪዎች የአዲስ አበባ የውኃ አዘል አለቶች ለብክለት ያላቸውን ተጋላጭነት በካርታ ለማሳየት ጥረዋል። የሥራቸው ፍሬ ነገር ለጎብኚ በቀላል ቋንቋ ሊነገር ይችላል፦ በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚጣለውና ከሜዳው በታች የሚቀዳው በአንድ ድንጋይ ይገናኛሉ።

መስኩ ላይ የሚታየው ጥቂት ነው። አጥር፣ የፓምፕ ቤት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የጥበቃ ሠራተኛ። ጆሮ ሰጥቶ ለሚያደምጥ ግን የሞተሩ ድምፅ አለ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ውኃውም ይቆማል፤ ምክንያቱም ከዚህ ወደ ከተማይቱ ከፍታ የሚያወጣው የመሬት ቁልቁለት ሳይሆን ጉልበት ነው። ጀሪካን ደርድሮ የፈረቃ ቀን የሚጠብቅ፣ በግቢው ሮቶ የተከለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ ውኃ እጥረት ሲያማርር የሚያስበው ስለ ቧንቧው ነው። ከዚህ ማረፊያ የተመለሰ ሰው ግን ከቧንቧው ጀርባ ድንጋይ፣ ፓምፕና ኤሌክትሪክ መኖሩን ያውቃል።

5. የሥነ ምግባርና የጥበቃ ነጥቦች

እንዲህ ያለው ጉብኝት ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው የነዋሪው ክብር ነው። በድሃ ሠፈሮች የሚደረግ ጉብኝት በዓለም ዙሪያ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ድህነትን ለትዕይንት ማቅረብ ነው የሚሉ አሉ፤ የተረሳን ሠፈር ማስታወስ ነው የሚሉም አሉ። በአቃቂ ልዩነቱን የሚወስነው የጉብኝቱ ርዕሰ ጉዳይ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ የነዋሪው ጓዳ ሳይሆን የከተማይቱ ሥርዓት ከሆነ፣ ጎብኚው የሚታዘበው ራሱን ጭምር ነው። የማረሚያ ቤቱ አካባቢ ደግሞ በማረፊያነት ባይያዝ ይመረጣል። በዚያ ለጥየቃ የሚሰለፍ ቤተሰብ የጎብኚ ዓይን አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ፈቃድና ደኅንነት ነው። የውኃ፣ የባቡርና የፋብሪካ ተቋማት የተጠበቁ ሥፍራዎች ናቸው። ፎቶግራፍ ማንሣት ሊከለከል ይችላል፤ መግባትም ያለ ደብዳቤ አይቻልም። ጉብኝቱ ከክፍለ ከተማው፣ ከውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣንና ከየተቋማቱ ጋር በቅድሚያ ካልተነጋገረ አይሠምርም። መስመሩ በአብዛኛው ከውጭ ሆኖ የሚነበብ ተደርጎ መነደፉ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ሳይንሳዊና ታሪካዊ ይዘት ያላቸውን የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤቶች ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ፋብሪካና ሐዲድ በመርሕ ደረጃ ከጥበቃው ውጭ አይደሉም። በተግባር ግን በአዲስ አበባ ቅርስ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ አምልኮና የመኳንንት መኖሪያ ነው። ከተማይቱ በፍጥነት እየፈረሰች በምትሠራበትና የኮሪደር ልማት መንገዶቿን በሚለውጥበት በዚህ ወቅት፣ ማንም ቅርስ ብሎ ያልጠራው የባቡር መጋዘን ወይም የፋብሪካ በር ከሌላው ቀድሞ ይጠፋል። የሚጎበኝ ነገር ስም ያገኛል፤ ስም ያለው ነገር ሲፈርስ ቢያንስ የሚጠይቅ ይኖራል።

6. ማጠቃለያ

በአቃቂ ቃሊቲ ያለው ከርሰ ምድር ገብተው የሚያዩት ባለመሆኑ የእግር ጉብኝት አይደረግበትም ማለት አይደለም። ይልቁንም አስጎብኚው ከመንገድ መሪነት ወደ ተርጓሚነት እንዲሸጋገር ያስገድደዋል። የማንሆል ክዳን፣ የወንዝ ሽታ፣ የቀይ ድንጋይ ቁራጭና የፓምፕ ድምፅ ተራ ነገሮች ናቸው፤ በቅደም ተከተል ሲነበቡ ግን አዲስ አበባ የምትጠጣውንና የምትጥለውን የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ።

ለቀጣይ ሥራ ሁለት አቅጣጫዎች ይጠቆማሉ። አንደኛው በአካባቢው የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን የሳይንስና የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከዚህ መስመር ጋር ማያያዝ ነው፤ የሠፈሩ ልጅ የሠፈሩን ውኃ ከውጭ ጎብኚ በፊት ሊያውቅ ይገባዋልና። ሁለተኛው የጡረተኛ የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞችን ትዝታ በድምፅ መቅዳት ነው። ከርሰ ምድሩ ውኃ ዝናም በዘነበ ቁጥር የተወሰነ ምትክ ያገኛል። የእነዚህ ሰዎች ትዝታ ግን ምትክ የለውም፤ ሳይቀዳ ካለፈ ጉብኝቱን ሊመራ የሚችለው ሰው አብሮት ያልፋል።